አበልጄን በስሟ ጠራኋት

ማዳም ልጇን ቀኑን ሙሉ ታያት ነበር። መጀመሪያ የቀናሁት በዚህ ነው።

ኮሮና የገባ ሰሞን ነው። አማን ውስጥ ሳይረኑ ሲጮኽ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል። ሐዝር ይሉታል፤ የሰዓት እላፊ ማለት ነው። አርብ አርብ ደግሞ ጭራሽ መውጣት የለም። እኔ የምሠራበት ቤት ያለው ኻልዳ ነው። ድሮ የመኪና ድምፅ የማይጠፋበት ሰፈር በዚያ ሰሞን የወፍ ብቻ ሆኖ ነበር። የማዳም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ እሱም ተዘግቶ ትምህርቱ በኮምፒውተር ሆነ። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ከእናቷ ሥር አትጠፋም። ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ ጭንቅላቷን እናቷ ጭን ላይ አድርጋ ታጠናለች። ማዳም በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ በሌላው የልጅቷን ፀጉር ትዳብሳለች።

«ሰለቸችኝ» ትለኛለች ማዳም ሳልፍ። «ያላ፣ ውሰጃት! ላንቺ በነጻ!»

«እሷ ጋ ይሻለኛል» ትላለች ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ። «እሷ አትጮኽብኝም።»

«ስላልወለደችሽ ነዋ!»

ይስቃሉ። እኔም ስቄ ወደ ኩሽና እገባለሁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ጾሜን ያከብሩልኛል፤ መንገዱ ሳይዘጋ አርብ አርብ ጀበል አል-ወይብደህ ተከራይተው የሚኖሩ የአገሬ ልጆች ጋ ሄጄ እንድጸልይ የማዳም ባል፣ ባባ፣ ራሱ በመኪናው ያደርሰኝ ነበር። ግን ኩሽና ገብቼ ዕቃ ሳጥብ የዚያች ልጅ ጭንቅላትና የዚያች እናት ጭን ከዓይኔ አይጠፋም።

እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ትቻት የመጣሁት በሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ በሕይወት የለም። የተውኳት ደብረ ብርሃን፣ አበልጄ ጋ ነው።

አበልጄ የልጄ ክርስትና እናት ናት። በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ተቀብላ ያቀፈቻት እሷ ናት። ከዚያ በፊት አንድ ግቢ የተከራየን ጎረቤታሞች ነበርን። ስንጠራራ በስም ነው፤ ስንጣላ ደግሞ ከስምም በላይ ነው። ከክርስትናው ማግስት በሬን አንኳኳችና «አበልጄ፣ እንደምን አደርሽ?» አለችኝ። እንግዳ ነገር ሆኖብን ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስሜ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ስሟም ከአፌ። በእኛ ዘንድ አበልጅ በስሟ አትጠራም። ከክርስትናው በኋላ ጎረቤትነቱ ይቀርና ዝምድና ይሆናል፤ ከሥጋ ዝምድና የሚያንስም አይደለም።

ለራሷ ልጅ አልሰጣትም። ልብስ ትሰፋለች። ልጄን አደራ ብዬ ሳስረክባት ያለችኝ «በሰላም ተመለሺ» ብቻ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን «ከበደችኝ» አላለችም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ማዳም ጋደም ስትል በኢሞ እደውላለሁ። በግንቦት ውስጥ አንድ እሑድ ስደውል ልጄ ስልኩን የስፌት መኪናው ላይ አስደግፋ አናገረችኝ። አበልጄ በዚያ ሰሞን ማስክ ነበር የምትሰፋው። ጠረጴዛው በሰማያዊ ጨርቅ ተሞልቷል።

«እማዬ፣ ላስቲኩን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይሄን፣ ይሄን፣ ይሄንንም።»

«ጎበዝ የኔ ልጅ።»

«እትዬ ፈጣን ነሽ ብላኛለች።»

እኔን እማዬ፣ አበልጄን እትዬ ነው የምትለው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር። ቀጥላ ሌላ ማስክ ልታሳየኝ እጇን ስትሰድ መርፌ ወጋት።

«እማ!» ብላ ጮኸች።

«ወዬ!» አልኩ። «ወዬ የኔ እናት፣ ምን ሆንሽ? አሳዪኝ!»

ልጄ ወደ እኔ አላየችም። የምታየው ከስልኩ በላይ፣ በሩ ያለበትን ነው። ከወንበሩ ዘላ ስትነሳ ስልኩ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የማየው ጣሪያውን ብቻ ነው። ድምፅ ግን ይሰማኛል። እግር ሮጠ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ እማ አለችልሽ» አለች አበልጄ። ልጄ ታለቅሳለች። አበልጄ ጣቷን ስትመጥላት ሰማሁ። ወዲያው ልቅሶው ቀነሰ። እኔ ኻልዳ፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ስልክ ይዤ ቆሜ ነበር። «ወዬ» እንዳልኩ ማንም አልሰማኝም።

ቆይቶ የአበልጄ ፊት መጣ። ማስኳ አገጯ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አበልጄ፣ አትደንግጪ። መርፌ ነው፤ ጫፉ ነው ነካ ያደረጋት።»

ስሟን ጠራሁ። ከነአባቷ፣ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ።

«ከመቼ ወዲህ ነው እማ የሆንሽው?» አልኳት።

ልጄ ከጎኗ ቆማ ጣቷን በጨርቅ ይዛ ታየናለች። አበልጄ የሆነ ነገር ልትል መስሎኝ ነበር፤ ግን ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት።

«እንኪ» አለቻት። «እናትሽን አናግሪ።»

ከዚያ በኋላ ስደውል አትመጣም። ልጄ ብቻዋን ታነሳለች። «እትዬ የት አለች?» ስላት «ውጭ ናት» ትለኛለች፣ ቀስ ብላ። የስፌት መኪናው ግን ከጀርባዋ ሲሠራ ይሰማል።

ወደ ልቤ አልተመለስኩም። ለእህቴ ደወልኩ። እህቴ ናዝሬት ነው የምትኖረው፤ ባልና ሦስት ልጆች አሏት። ገና ሳልጨርስ ቃሉን ከአፌ ነጠቀችኝ።

«እኔ ያኔውኑ ብዬሻለሁ! የሥጋ ዘመድ እያለ ልጅ ባዳ ጋ ይጣላል? ልቧ ወዲያ ከሄደ በኋላ መመለስ የለም፤ ነገ አንቺን ‹እትዬ› ብትልሽ ማንን ልትከሺ ነው?»

«አንቺ ጋ ትሁን» አልኳት።

«አውቶቡሱ እንደተከፈተ ሄጄ አመጣታለሁ። እምቢ ትለኝ እንደሆነ ትሞክር!»

ስልኩን ስዘጋ ደስ አለኝ። ማስመሰል አያስፈልግም፤ ደስ አለኝ። አበልጄ ባዶ ቤት ውስጥ ማስክ ስትሰፋ አየኋትና ደስ አለኝ። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ስደግም ግን መሃል ላይ ያ «እማ» ይመጣብኛል። እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ እንደገና ይመጣል። አንዳንድ ቀን ሳልጨርሰው ማዳም ትጠራኛለች።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። መንገዱ ተከፈተ፤ እህቴ ቅዳሜ ልትሄድ ትኬት ቆረጠች። ለአበልጄ የነገራት ሰው የለም። እህቴ «ድንገት ነው እንጂ ታስለቅሰናለች» ስላለች ነው። እኔም እሺ ብያለሁ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ባባ ከገበያ ሙሉኺያ በጆንያ አመጣ። ሙሉኺያ እንደ ጎመን ወጥ የሚሆን ተክል ነው፤ ወቅቱ ሲደርስ ቅጠሉ ከግንዱ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ለክረምት ይቀመጣል። ለቀማው ብዙ እጅ ይፈልጋል። ማዳም፣ ልጅቷና እኔ በረንዳው ላይ ነጠላ ጨርቅ አንጥፈን ተቀመጥን። ልጅቷ ኮምፒውተሯን በርጩማ ላይ አስቀምጣለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የስፓኒሽ ቋንቋ ትምህርት አላት። የምትማረው አንዲት ሜክሲኮ ያለች ሴትዮ ጋ ነው። እዚህ ሊመሽ ሲል እዚያ ገና ጠዋት ነው።

«አንድ ቃል እንዴት ሦስት ነገር ይሆናል?» አለች ልጅቷ ስልኳን እያየች። «ኮማድሬ። አንዴ ክርስትና እናት ይለኛል፣ አንዴ አዋላጅ ይለኛል፣ አንዴ ደግሞ ወሬኛ ሴት።»

«አክስትሽ ናታ» አለች ማዳም። «ማዋለዱ ነው የቀራት።»

ሳቁ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ክርስቲያን ነሽ። ክርስትና እናት ለልጁ ሁለተኛ እናት ናት፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ለወለደችውስ? ለእናትየው ምኗ ናት?»

«አበልጅ» አልኩ። በአማርኛ ነው የወጣኝ።

«በዐረቢ?»

ማዳምን አየኋት። ቅጠሉን ይዛ አሰበች። «እኛ ጋ የለም» አለች። «ልጁን ያጠባችው ለልጁ እናቱ ናት። ለእናትየው ግን… ምን ትላታለች? ጎረቤት ነች።»

«ሁለት እናት!» አለች ልጅቷ። «እኛ አንዷን አልቻልን።»

ማዳም የሙሉኺያ ግንድ ወረወረችባት። ወዲያው መምህርቷ በኮምፒውተሩ ላይ መጣች። በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል። ልጅቷ ስለ ቃሉ ጠየቀቻትና የምትመልሰውን እየሰማች ለእኛ በዐረቢ ትተረጉምልናለች። ለምን እንደነገረችን አላውቅም፤ ለቀማው ስለሰለቻት ይሆናል።

«ቃሉ የልጁ አይደለም ትላለች። ልጁ ክርስትና እናቱን ሌላ ነው የሚላት። ኮማድሬ የሚባባሉት ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ የወለደችውና ያስጠመቀችው። ‹ማድሬ› እናት ናት። ኮማድሬ ሲሆን… አብረው እናት የሆኑ እንደ ማለት ነው።»

አብረው የሚለው አልጣመኝም። ልጅ በአንድ ሳህን እንደሚበላ ምግብ ነው እንዴ? አንዷ አምጣ ወለደች፤ አብረው የሚባለው ምኑ ላይ ነው? ቅጠሉን ከነግንዱ መልቀም ጀመርኩ፤ ማዳም አይታ መለሰችልኝ።

«አዋላጅ የሚለው ደግሞ» አለች ልጅቷ፣ «ያኔ ምጥ ሲመጣ የምትጠራው ያቺው ሴት ስለሆነች ነው ትላለች። ወሬኛ የሚለውም ሁለቱ ሲገናኙ ስለማያቆሙ ነው። አሁን አሁን ለጓደኛም፣ ለጎረቤትም ይሉታል። የሷ ኮማድሬ አጥሩን ተሻግራ ነው የምትኖረው። የሚጮኸው ዶሮ የኮማድሬዋ ነው ትላለች።»

በዚያችም ቀናሁ። የማላውቃት ሴት፣ ከባሕር ማዶ፣ አበልጇ አጥር ተሻግራ ስላለች ቀናሁ።

መምህርቷ አሁንም ታወራለች። ልጅቷ ቀጠለች። «ስለሷ ስታወሪ ብቻ አይደለም የምትይው፤ ራሷንም እንደዚያ ብለሽ ነው የምትጠሪያት። ትናንት በስሟ ስትጠሪያት የነበረችውን፣ ልጁ ከተጠመቀ በኋላ ኮማድሬ ትያታለሽ። እስክትሞቺ።»

እጄ ቆመ።

«ጠይቂልኝ» አልኳት። «በስሟ ብትጠራትስ?»

«ምን ችግር አለው? ስሟ አይደል?» ልጅቷ ሳቀች።

«ጠይቂልኝ።»

ጠየቀቻት። መምህርቷ አልሳቀችም። መነጽሯን አወለቀችና አንድ አጭር ነገር ተናገረች።

«ማን ማንን ጠራት? ትላለች።»

ማዳምም ልጅቷም አዩኝ። «ዝም ብዬ ነው» አልኩ። «እንዲሁ ነው የጠየቅኩት።»

መምህርቷ ረዘም አድርጋ አወራች። ልጅቷ ግን ሳትተረጉምልን ሰማች።

«ምን አለች?»

«የሷ እናትና የእናቷ ኮማድሬ በዚህ ተኳርፈው ነበር ትላለች። ልጅ ሆና ነው። አንዷ በንዴት በስሟ ጠራቻትና ለዓመታት አንድ ግድግዳ ተጋርተው ሳይነጋገሩ ኖሩ። ይህ ሲሆን የጠራችው በእግሯ ሄዳ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው ትላለች።» ከዚያ በራሷ ጨመረችበት፦ «ኤርፖርት ተዘግቷል ልበላት?»

«ምንም አትበያት» አልኩ።

ቀጥሎ ቃሉን የሚያስገባ ዓረፍተ ነገር መሥራት ነበረባት። ልጅቷ ሁለት ሠርታ አነበበች፤ መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች።

«ውሸት ነው አለችኝ» አለች ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ። «ሰው የሌለበት ዓረፍተ ነገር ነው ትላለች። እውነተኛ ስጪኝ፤ ያንቺ አለችሽ አይደል? እሷ ምን ታደርጋለች?»

አፌ ላይ ተዘጋጅቶ የነበረው «ልጄን ሰረቀችኝ» ነው። በዐረቢም ቀላል ነው፤ ሁለት ቃል ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በልቤ ስለው ነበር። ልጅቷ ግን ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ እውነተኛ ነገር ትጠብቃለች።

«ልጄን ታሳድጋለች» አልኩ።

ጻፈችው። «ሚ ኮማድሬ ክሪያ አ ሚ ኢሃ» ብላ አነበበችው። መምህርቷ አነባበቡን አቃናችላት፤ እንደገና አነበበች፤ እንደገና። ከዚያ እኔንም በይ አሉኝ። አልኩ። መምህርቷ አጨበጨበች። በአማርኛ ያን ቃል ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ሰው «ልጅሽ እንዴት ናት?» ሲለኝ «ደህና ናት» ነው የምለው። ማን ደህና እንዳደረጋት አልናገርም።

«ሌላ» አለች ልጅቷ።

«ልብስ ትሰፋላታለች።»

«ሌላ።»

«ኩፍኝ ሲይዛት በጀርባዋ አዝላ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። መኪና አልነበረም።»

«ቀስ በይ፣ ‹አዝላ› አላውቀውም። ሌላ።»

«ለፍልሰታ ታስቆርባታለች። በፍልሰታ ጾም ሕፃናት ይቆርባሉ፤ እሷ ናት በየቀኑ የምትወስዳት።»

እንዲጠይቁኝ ያልፈለግኩትን እየነገርኳቸው ነበር። መጥፎ ፈልጌ አጣሁ። ያጣሁበትን ምክንያት ለማግኘትም አልደከምኩም፤ ስለሌለ ነው።

«ልጅሽ ከእህትሽ ጋ ያለች ይመስለኝ ነበር» አለች ማዳም።

«አይደለችም።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ከዚህች ሴት ጋ?»

«አምስት ዓመት።»

ማዳም የልጇ ጉልበት ላይ የነበረውን እጇን አነሳችው። ለእኔ ብላ እንዳነሳችው ገባኝ። እሱንም አልወደድኩትም።

ሙሉኺያው አልቆ ታጥቦ ከተሰጣ በኋላ ለእህቴ ደወልኩ።

«አትሂጂ» አልኳት።

«ምን?»

«ተዪው። ልጅቷ እዚያው ትሁን።»

«እንዴ! ትኬት ቆርጫለሁ እኮ! ለልጆቼ ነግሬ፣ አልጋ አዘጋጅቼ! ምን አቀመሰችሽ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አንቺ እናት አይደለሽም!» ብላ ዘጋችብኝ። በኋላ ታርቀናል። የዚያን ቀን ግን ቃሉ ስለት ነበር፤ ምክንያቱም እኔም ለራሴ እንደዚያው እያልኩ ነበር።

በማግስቱ አርብ ነው። ሐዝር፤ ሁሉም ቤት ነው። ጠዋት ደወልኩ። ልጄ አነሳች።

«እትዬን ስጪኝ።»

«ውጭ ና…»

«ልጄ፣ የስፌት መኪናው ይሰማኛል። አትዋሺ።»

«አጠገቤ ናት» አለች ወዲያው።

ስልኩ ሲቀባበል ሰማሁ። ፊቷን አላሳየችኝም፤ የማየው የመስኮቱን መጋረጃ ነው።

«አበልጄ» አልኩ።

«ስም የለኝም እንዴ?» አለች። «ባለፈው ከነአባቴ አስታውሰሽው ነበር።»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው።»

«የጠራሽኝ በልጅቷ ፊት ነው። የምትይውንም በልጅቷ ፊት በይ።» ድምፁን ከፍ አደረገችው። «በይ፣ ሁለታችንም እንሰማለን።»

በአካል ብሆን እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። በስልክ የሚወደቅበት የለም። «ይቅር በይኝ» አልኩ። «ቀንቼ ነው። ልጄ ስትጮኽ የተጠራሁት እኔ መስሎኝ ነበር።» ቅዳሜ እህቴ መጥታ ልጅቷን ናዝሬት ልትወስዳት እንደነበርም ነገርኳት። ያን ደብቄ ይቅርታ ብጠይቅ ይቅርታ አይሆንም።

«መቅናት ምንድን ነው?» አለች ልጄ።

«ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በይ» አለች አበልጄ፤ ድምፅዋ ግን ልክ አልነበረም። «ሂጂ፣ ሰማያዊ ክር ገዝተሽ ነይ። ማስክሽን አድርጊ።»

በሩ ሲዘጋ ጠበቀች። ከዚያ ነገረችኝ።

በሚያዝያ፣ ገና ሑዳዴ ሳይፈታ፣ ልጄን ትኩሳትና ሳል ይዟት ነበር። ግቢው ውስጥ ሰው ፈርቶ ደወለ። ነጭ የለበሱ ሰዎች መጡ። ልጅቷ ለይቶ ማቆያ ትገባለች አሉ፤ አብሯት የምትገባ እናት ብቻ ናት።

«እናቷ ነሽ? አሉኝ። አዎ አልኩ» አለች። «እትዬ ብትለኝ ይነቃብናል። በመኪናው ውስጥ ‹እማ በይኝ› አልኳት። አምስት ቀን ነው፤ አምስቱንም ቀን እማ አለችኝ። ከዚያ ነጻ ናችሁ ብለው ለቀቁን። በሑዳዴ ዋሽቼ ወጣሁ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ምን ልታደርጊ? በየት በኩል ልትመጪ? አውሮፕላን የለም። እዚያ ሆነሽ በጭንቅ እንድትሞቺ?»



«ስንመለስ እትዬ በይኝ አልኳት» አለች ቀጥላ። «እሺ ትላለች፤ ትለኛለችም። ሲያማት ግን ያኛው ይወጣታል። እኔም… አልዋሽሽም፣ ደስ ይለኛል። በሕይወቴ ማንም እንደዚያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። እኔስ የማልቀና መሰለሽ? ገና ስልኩ ሲጮኽ ከእጄ መንጭቃ ነው ወደ አንቺ የምትሮጠው።»

ማመስገን ይገባኝ ነበር። ልጄን በበሽታ ፍርሃት መካከል ትታት ያልሄደች ሴት ናት። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ምስጋና አልነበረም። በእነዚያ አምስት ቀናት ቀናሁ። ልጄ ስትተኩስ ግንባሯን የነካው እጅ የእሷ በመሆኑ፣ የፈራችውም እሷ በመሆኗ ቀናሁ። እኔ በዚያው ሳምንት ኻልዳ ምንጣፍ ሳራግፍ ነበር፤ ምንም አላወቅኩም።

ምስጋናው ዘግይቶ መጣ። መጣ ግን።

«ትበልሽ» አልኩ።

«ምን?»

«እማ ትበልሽ። ሲያማት ብቻ አይደለም፤ ሁልጊዜም።»

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። መጋረጃው ከስክሪኑ ላይ ጠፋና ፊቷ መጣ። ከስቷል፤ ፀጉሯም ከጎን መሸበት ጀምሯል። አላስተዋልኩም ነበር፤ ስደውል የማየው ልጄን ብቻ ነበርና።

«አንቺስ?»

«እኔ እማዬ ነኝ።»

«ይበቃሻል?»

«አይበቃኝም» አልኳት።

«እሱንስ አውቃለሁ» አለችና ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፤ ሁለታችንም ሳቁን ማቆም አቃተን። ልጄ ክሩን ይዛ ስትገባ አበልጄ እማ እንድትላት መፍቀዴን ነገረቻት።

«ናዝሬት አልሄድም ማለት ነው?» አለች ልጄ።

በይቅርታው መሃል የነገርኩትን ሰምታ ኖሯል። እኔ የልጄን መኖሪያ ያለእሷ፣ ያለአበልጄ፣ በንዴት ወስኜ ነበር።

«አትሄጂም» አልኳት። «እዚያው ነሽ።»

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጄ በእናት እጅ ነው ያደገችው። የማን እጅ እንደሆነ መናገር ለረጅም ጊዜ ከብዶኝ ነበር፤ አሁን የጠየቀኝን ሁሉ እነግራለሁ። ስናገር ልቤ ውስጥ ያ ነገር ዛሬም ትንሽ ይቆጠቁጠኛል። ያኔም ቢሆን «ትበልሽ» ያልኩት ቅናቱ ለቆኝ አይደለም።